የእትዬ ፋንታዬ ለቅሶ

እናቴ ስንቅነሽ በሰው ቤት ሰው በማስለቀስ የታወቀች፣ በገዛ ቤቷ ግን ሳቋ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። አልቃሽ ናታ። ደባርቅ ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ እኛ ቤት ነው። የሟችን ዘር፣ ሙያውን፣ ደግነቱን፣ ሲያስፈልግም ቆንቋናነቱን ሳይቀር በሁለት ስንኝ ጠቅልላ ስታወርደው፣ ድንጋይ የሆነ ሰው ውሃ ይሆናል። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ቤት ትገባና ጫማዋን እያወለቀች፣ «ዛሬስ የሟች ወንድም አፍንጫውን በኔ ነጠላ ጠረገ!» ብላ ትንከተከታለች።

እኔ ደግሞ ልጅ ነኝና ነገሩን የተረዳሁት በራሴ መንገድ ነበር። እናቴ ለሁሉም ስለምታለቅስ የሞተ ሁሉ ዘመዳችን ይመስለኛል። እንደኛ ዘመድ የበዛለት ሰው በከተማው የለም ብዬ እኮራለሁ። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘመዶቻችንን የማውቃቸው ሁልጊዜ ከሞቱ በኋላ ነው።

የማወራው ስለ ሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል እየወጣ ከተማውን ይውጠዋል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ይተፋዋል። በዚያ ወር ጎረቤታችን እትዬ ካሳነሽ ታመመች። እትዬ ካሳነሽ ያርጋል የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነበራት። ጎንደር ነው የሚማረው። ለዕረፍት ሲመጣ ትከሻው ላይ ሰቅሎኝ ገበያ ይዞኝ ይዞር ስለነበር፣ ከዘመዶቻችን ሁሉ በሕይወት የማውቀው እሱን ነው ማለት ይቻላል። የአጥር ጉርብትናን ከዘመድ ለይቼ አላውቅማ።

በሽታዋ ግራ የሚያጋባ ነበር። ትኩሳት የላት፣ ሳል የላት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ታያለች። አትበላም፣ አትናገርም። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ገበያ ትወጣና ምንም ሳትገዛ ትመለሳለች። ከበሯ ፊት ለፊት ጠብመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ይውላሉ። ስለታመመች የሚያስታምሟት መስሎኝ ደግነታቸውን አደንቅ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ከነፍስ አባታችን ከመምሬ ሀብተ ሚካኤል ጋር ጓሮ ቆመው በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«መምሬ፣ ይህች ሴት ካላለቀሰች ትሞትብናለች።»

«አውቃለሁ ልጄ። ግን እንዴት ተደርጎ?»

ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለገኝም። በሽታውም መድኃኒቱም ታወቀ! ጓዳ ገብቼ ትልቅ ቀይ ሽንኩርትና ቢላዋ ይዤ ወደ እትዬ ካሳነሽ በረርኩ። አብዮት ጠባቂዎቹ አይተውኝ ዝም አሉ፤ ሽንኩርት ፀረ አብዮት አይደለም።

«እትዬ፣ ይሄን ክተፊ» አልኳት።

«ለምን የኔ ልጅ?»

«እንድታለቅሺ። ካላለቀስሽ ትሞቻለሽ አሉ።»

ሽንኩርቱን ተቀበለችኝና አገላብጣ አየችው። ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣና ሄደ። ከዚያ ሽንኩርቱን እቅፏ ላይ አስቀምጣ መንገዱን ማየቷን ቀጠለች። በመድኃኒቴ አለመጠቀሟ በጣም ነበር ያስከፋኝ።

ዛሬ ነገሩን አውቀዋለሁ። ያርጋል በወሩ መጀመሪያ ጎንደር ላይ ተገድሎ ነበር። ወሬውን ያመጣው መኪና ነጂው አባቴ ነው። በማግስቱ የቀበሌ ሰዎች እትዬ ካሳነሽን አስጠርተው፣ ለፀረ አብዮት አይለቀስም አሏት። ጥቁር አትለብሺም፣ ድንኳን አትተክዪም፣ ጎረቤት አትሰበስቢም፣ ድምፅሽ ከተሰማ አንቺም አትተርፊም። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ለቅሶ የለ። በአገራችን ለሞተ ሰው የምናደርገው ይኸው ሦስቱ ነው፤ ለያርጋል አንዱም አልተፈቀደለትም። ሴትዮዋ ዕንባዋን እንደ ዋጠች እየደረቀች ነበር።

ከሽንኩርቱ ወዲያ ብዙም ሳይቆይ፣ ጉሙ ሳይገለጥ ገና በጠዋቱ በራችን ተንኳኳ። መምሬ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቆመዋል። መርዶ እንደሆነ እኔም አወቅሁ፤ በዚያ ሰዓት እንደዚያ ተሰልፎ የሚመጣ ሌላ ነገር የለም።

«ስንቅነሽ፣» አሉ መምሬ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ሞት መጥቷል። ዛሬ እናንተ ቤት ለቅሶ አለ።»

እናቴ ጩኸቷን ለቀቀችው። «ፋንታዬ! ፋንታዬን!» መንደሩ ከእንቅልፉ ባነነ።

ቀሚሷን ጎተትኩ። «ፋንታዬ ማናት?»

«አክስትሽ! የአባትሽ እህት! ከተራራው ማዶ በየዳ አገር ያለችው!»

እንግዲህ ይኸው፤ አንድ አክስት እንኳ ነበረችኝ፣ እሷንም የሰማሁት ከሞተች በኋላ ነው። አለቀስኩ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት። ትንሽ ቆይቶ ግን የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እያዩኝ፣ «ማን ሞተባችሁ? ታውቂያት ነበር?» ሲሉኝ፣ አላውቃትም ማለት ሞት መሰለኝ። «እንዴታ!» አልኩ። «ባለፈው ጥምቀት በበቅሎ መጥታ ማር አምጥታልኛለች። ፍንጭት ናት። ስትስቅ ሳቋ እንደ እናቴ ከሩቅ ነው የሚሰማው።» ስናገረው እኔው አመንኩት። የበቅሎዋ ቀለም ሳይቀር ታየኝ፤ ዳማ ነበረች።

ከእድሩ ድንኳን መጣና ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ተጣደ። ያን ቀን የመጣው ሰው! ከታች ሰፈር፣ ከላይ ሰፈር፣ በየዳን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። አክስቴ ይህን ያህል የታወቀች መሆኗን ሳይ አንገቴ ረዘመ። በዚያ ወር ደባርቅ ውስጥ ማልቀስ የተከለከለችው እትዬ ካሳነሽ ብቻ እንዳልነበረች የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደስታውም መጣ። ካኪ ኮቱን ቆልፎ፣ አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ።

«ማን ነው የሞተው?»

«የባሌ እህት ናት ጓድ ሊቀመንበር» አለች እናቴ ደረቷን እየደቃች። «በየዳ ሞታ፣ በየዳ ተቀብራ፣ መርዶዋ ነው የደረሰን።»

«መንግስቴ እህት እንዳለው አላውቅም ነበር።»

እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አንቺ ልጅ፣ አክስትሽን ታውቂያታለሽ?»

ቢጠይቀኝ እያልኩ ስጠብቀው የነበረውን ነው የጠየቀኝ። ዳማ በቅሎዋን፣ ማሩን፣ ፍንጭት ጥርሷን ዘረገፍኩለት። ቀጥዬም እትዬ ፋንታዬ እባብ እንደምትፈራና ሌሊት እንደምታንኮራፋ ጨመርኩ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየኛለች። ዓይኗ እንደዚያ ፈጦ አይቼው አላውቅም። ጓድ ደስታው ራሱን ነቀነቀና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ሁለት ሴቶች እትዬ ካሳነሽን ደግፈው አስገቧት። አብዮት ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን የጎረቤት ለቅሶ ላይ አትድረሺ ያላት የለም። እናቴ ከመካከል ተነሥታ ቆመች። ፊቷን ወደ እትዬ ካሳነሽ መልሳ፣ ቀስ ብላ አወረደችው፦

«መቃብሯን አላየሁ አፈር አላለበስኩ፣
መንገድ ዳር ቆሜ ነው ዕንባዬን ያፈሰስኩ።»

ከእትዬ ካሳነሽ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በፊት ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፤ የአልቃሽ ልጅ ነኝ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት ተነሡ፤ ድንኳኑ «ዋይ! ዋይ!» አለ። እናቴ ደራርባ ታወርዳለች፣ እትዬ ካሳነሽ ደረቷን ትመታለች፣ መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ያነሷታል። እኔስ ምን አልኩ? ቀናሁ። የሞተችው የኛ አክስት፣ ድንኳኑ የኛ፣ የምታለቅሰው እሷ! እኛን ትብለጠን እንዴ ብዬ እኔም ባለኝ ኃይል ጮህኩ።

እውነቱን የሰማሁት የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ነው። ደርግ ወድቆ ነበር፤ እኔም ዳባት አስተማሪ ሆኛለሁ። እናቴ ልታርሰኝ መጥታ፣ «ስሟን ማን ልትያት ነው?» ስትለኝ፣ «በአክስቴ በፋንታዬ» አልኳት። መሳቅ ጀመረች። የአልጋውን እግር ይዛ ሳቀች፣ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። አራስ ቤት የመጡ ሴቶች አበደች ብለው ደነገጡ። «ልጄ፣» አለችኝ ዕንባዋን እየጠረገች፣ «ያቺን ሴት እኮ እኔ ነኝ ሰኞ ማታ ሽሮ እያማሰልኩ የወለድኳት። ማክሰኞ ጠዋት ገደልኳት። ፍንጭት ያደረግሻት ደግሞ አንቺ ነሽ!» ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም ስላት፣ «ብነግርሽማ እንደ አዋቂ ትዋሺ ነበር፤ የአዋቂ ውሸት ደግሞ ይታወቃል» አለችኝ። ልጄ ዛሬም ስሟ ፋንታዬ ነው።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ለቅሶው እንደጋለ የአባቴ ኤንትሬ የጭነት መኪና እያጓራ ደረሰ። እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። የሚመጣው በሳምንቱ መጨረሻ ነበር፤ እስከዚያ መንገድ ላይ ሰው ልካ ልታስጠነቅቀው አስባ ኖሯል። አባቴ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሲያይ ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። ሚስቴ ሞታለች ወይም ልጄ ሞታለች ብሏል። ሮጦ ገባ። እኔን አየኝና ብድግ አድርጎ ወደ ላይ አነሣኝ። እናቴን አያት። እናም አባቴ፣ በእህቱ ለቅሶ ድንኳን መሐል፣ ጥርሱን በሙሉ ገልጦ ሳቀ።

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጓድ ደስታው ቀና አለ።

«መንግስቴ፣» አለው አንዱ ሽማግሌ ቶሎ ብሎ፣ «እህትህ አርፋለች።»

«እህቴ? የቷ እህ...»

እናቴ ቃሉን ከአፉ ነጠቀችው። ድምፅዋን ከመቼውም በላይ ከፍ አድርጋ አወረደችው፦

«ጎንደር ደርሶ መጣ መኪናው ሲያጓራ፣
እህቱ ፋንታዬ ቀርታበት ተራራ።»

አባቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ። እኔን አቅፎ ይዞ እናቴን ያያታል። እናቴ ደረቷን እየደቃች ወደሱ ቀረበች፦

«በየዳ አረፈች በየዳ ቀበሯት፣
ላንድ ወንድሟ እንኳን ሳያሰናብቷት።

ዞር ብለህ መንግስቴ ካሳነሽን እያት፣
የእህትህ ሐዘን አንጀቷን ሲበላት።»

አባቴ ዞር አለ። እትዬ ካሳነሽ በሴቶች ተደግፋ፣ ፀጉሯ ተበትኖ፣ ፊቷ በዕንባ ታጥቦ ተቀምጣለች። የያርጋልን መርዶ ከጎንደር ያመጣ ሰው ነውና ሌላ ማስረዳት አላስፈለገውም። ቀስ ብሎ አወረደኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ጣለና፣ «ወይ እህቴ! እህቴን!» ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዕንባው እውነተኛ ነበር። ያርጋልን ያሳደገው የእኛም ቤት ነው።

ጓድ ደስታው አጠገቡ ሄዶ ትከሻውን ያዘ። «አይዞህ ጓድ መንግስቴ፣ አብዮታችን...» ብሎ ጀመረና ግራ ገባው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ። ከዚያ ጨመረ፤ «ፍንጭት ነበረች አሉኝ።»

አባቴ በዕንባው መሐል አየው። «እ... አዎ» አለ፣ «በእናታችን ወጥታ ነው።»

የቀረው ፍትሐቱ ነበር። መምሬ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን አንሥተው ቆሙ፤ ሁሉም ተነሣ። መምሬ ጠዋት ከበሩ ጀምሮ አንድ የውሸት ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ሞት መጥቷል አሉ እንጂ ማን እንደሞተ አልተናገሩም። አሁንም ማንንም ሳያዩ ጠየቁ፤

«የሟችን የክርስትና ስም የሚያውቅ ይንገረኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ወንድም ነውና ሊያውቅ ይገባል። አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። ለሁሉም ነገር ስታዘጋጅ ለዚህ አላዘጋጀችም፤ ለውሸት ሰው የክርስትና ስም ማውጣት እግዜርን ደፍራ የማታደርገው ነገር ነበር።

«ኪዳነ ማርያም።»

የተናገረችው እትዬ ካሳነሽ ናት። ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ማንም ሳይደግፋት ቆማለች። የክርስትና ስም ደጅ የሚወጣ ስም አይደለም። እናት ታውቀዋለች፣ የክርስትና አባት ያውቀዋል፣ ነፍስ አባት ያውቀዋል። መምሬ ሀብተ ሚካኤልም ያውቁት ነበር። የጠየቁት እሷ በአፏ እንድትጠራው ነው።

«አንቺ ከየት አወቅሽው?» አላት ጓድ ደስታው።

እትዬ ካሳነሽ አየችው። መልስ አልነበራትም። እኔ ግን መልስ ነበረኝ፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም።

«ደረስጌ ማርያም አብረው ሄደው ነዋ!» አልኩ። «ለንግሥ። እትዬ ፋንታዬ በበቅሎዋ አፈናጥጣት። ዝናብ መታቸው፣ ከዚያ አንድ ነጠላ ለሁለት ለበሱ።»

ጓድ ደስታው ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ እትዬ ካሳነሽን አየ። «እንግዲህ ሕፃን አይዋሽም» አለና ኮፍያውን አውልቆ ራሱን ዝቅ አደረገ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እናቴ አውቋል ትል ነበር፤ አባቴ ደግሞ ያ ሰው ማወቅ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም ይል ነበር።

መምሬ ጸሎቱን ጀመሩ። ነፍሱን ማር የሚለውን በግእዝ ሲያዜሙ፣ ኪዳነ ማርያም የሚለውን ስም ግን ከፍ አድርገው፣ ደጋግመው፣ ጠብመንጃ የያዙት ሁለቱ ሳይቀሩ እየሰሙ ጠሩት። በጠሩት ቁጥር እትዬ ካሳነሽ ወደ መሬት ትሰግዳለች። አሁን አታለቅስም። ፊቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ወርዷል።

ማታ ሳይሆን ሰዉ ተበታተነ። ጓድ ደስታውና አብዮት ጠባቂዎቹም ሄዱ። አባቴ እናቴን ወደ ጓዳ ስቦ፣ «ሁለተኛ እህት ስትገድይብኝ አስቀድመሽ ላኪብኝ» ሲላት ሰማሁ። ተከትያቸው ስገባ ሁለቱም በአንድ ጋቢ ተሸፋፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ለአክስቴ የሚያለቅሱ መስሎኝ እጅግ አዘንኩላቸው፤ እንዳላውካቸውም ንፍሮ በሰሐን ዘግኜ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

እትዬ ካሳነሽ ብቻዋን ድንኳኑ ውስጥ ቀርታ ነበር። ፊቷን ታጥባለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቂሜ ገና አልወጣልኝም።

«እኔም እኮ እወዳት ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።» እጇን ራሴ ላይ አደረገች። «ያርጋልም በጣም ይወድሽ ነበር» አለች።

ስሙን ስሰማ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ያርጋል ሰምቷል?»

«ምኑን?»

«እትዬ ፋንታዬ መሞቷን።»

«አልሰማም።»

«በቃ፣ ለገና ሲመጣ እኔ ነኝ የምነግረው። እናንተ እንዳትነግሩት። እናንተ ትጮኻላችሁ፣ እሱ ደግሞ ይደነግጣል። እኔ መጀመሪያ አጠገቡ ቁጭ እልና ቀስ ብዬ ነው የምነግረው።»

እናቴ ሳቋን ጨርሳ ከጓዳ መጥታ ኖሮ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ነበር። ለማንም ሞት ቃል የማይጠፋት ሴት አንድም ቃል አልወጣትም። የድንኳኑን ካስማ ይዛ፣ ያለ ሙሾ፣ ያለ ድምፅ አለቀሰች። በሕይወቷ እንደዚያ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ ካሳነሽ አፏ ሲከፈት አየሁ። እንደገና ልትጮህ መስሎኝ ደንግጬ እፍኝ ንፍሮ ከተትኩባት። ዓይኔን እያየች አኘከችው። ከስንት ቀን በኋላ ዋጠች።

«እሺ» አለችኝ፤ «አንቺው ንገሪው።»

ከዚያ ሌላ እንድጨምርላት አፏን ከፈተች።